መልካም መሪ የሚታወቀው በሰኔ ነው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በየኮሌጁና በየዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ማኅበርና ጉባኤ አለን። ትምህርት ሲጀመር ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ እንመርጣለን፤ አጨብጭበንም እንለያያለን። ለተመረጠው ግን ከማግሥቱ ጀምሮ ምን እንደሚጠበቅበት የሚነግረው ሰው ብዙ ጊዜ አይገኝም። ስለዚህ ከቅዱሳት መጻሕፍት ሦስት ነገር እንማር።

አንደኛው ሥራን ማካፈል ነው። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 18 እንደምናነበው ሙሴ ከጧት እስከ ማታ ተቀምጦ የሕዝቡን ክርክር ብቻውን ይዳኝ ነበር። ይህን ያየው አማቱ ዮቶር ስለ ትጋቱ አላመሰገነውም፤ በዚህ አካሄድ እርሱም ሕዝቡም እንደሚዝሉ ነገረው። ሙሴም ነቢይ ሳለ ምክሩን ሰማ፤ የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የዐሥር አለቆችን ሾመ። በእኛም ዘንድ መዝሙር የሚያስጠናው፣ አዳራሽ የሚያስፈቅደው፣ ወንበር የሚደረድረው አንድ ሰው ብቻ የሆነበት ማኅበር አለ። እንዲህ ያለው መሪ ትጉህ ይመስላል፤ በፈተና ሰሞን ግን እርሱ ሲጠፋ ጉባኤውም አብሮ ይጠፋል። አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። ለአዲስ ገቢው ተማሪ ትንሽም ብትሆን ሥራ እንስጠው። ሥራ የተሰጠው ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ይመለሳል።

ሁለተኛው ቅሬታን መስማትና ገንዘብን በግልጽ መያዝ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪ የሆኑት ወገኖች፣ በየዕለቱ በሚታደለው ምግብ መበለቶቻቸው ተረሱ ብለው አጉረመረሙ። ሐዋርያት ቅሬታውን አላፈኑትም፤ ሕዝቡን ሰብስበው ሰባት ሰዎች ራሱ እንዲመርጥ አደረጉ። ከእስጢፋኖስ ጀምሮ የሰባቱም ስም የግሪክ ስም መሆኑን ልብ እንበል። ዛሬም በአንድ ግቢ ከየአቅጣጫው የመጣን፣ አፍ የፈታንበት ቋንቋ የተለያየ ተማሪዎች አብረን እንኖራለን። ከኋላ የተቀመጠ ወንድም «እኔ አልተቆጠርኩም» ቢል፣ መሪው ከፋፋይ ብሎ ከመሰየሙ በፊት ነገሩን ሄዶ ይመርምር።

ቅዱስ ጳውሎስም በኢየሩሳሌም ላሉት ድሆች መዋጮ ሲሰበስብ ገንዘቡን በብቻው አልያዘም። በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 8 እንደተጻፈው፣ ማንም እንዳይነቅፈው አብያተ ክርስቲያናት የመረጡትን ወንድም ከቲቶ ጋር ላከ። ሐዋርያው ምስክር ካስፈለገው እኛንማ እንዴት አያስፈልገን! ሳጥኑ በሁለት ሰው ፊት ይቆጠር፤ ለአምስት ብርም ቢሆን ደረሰኝ ይቆረጥ፤ ሒሳቡ በየወሩ በጉባኤው ፊት ይነበብ።

ሦስተኛውና ዋናው ተተኪን ማዘጋጀት ነው። የተማሪ ማኅበር እንደ እድር አይደለም፤ አባላቱ አራት አምስት ዓመት ቆይተው ይመረቃሉ። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 27 ሙሴ ወደ ተስፋይቱ ምድር እንደማይገባ በተነገረው ጊዜ የለመነው ለራሱ አልነበረም፤ ሕዝቡ ያለ እረኛ እንዳይቀር ነበር። ኢያሱንም በካህኑ በአልዓዛርና በማኅበሩ ሁሉ ፊት አቁሞ እጁን ጫነበት፤ ከክብሩም አካፈለው። ይህን ያደረገው በሕይወት ሳለ ነው። ኢያሱ ግን በ110 ዓመቱ ሲያርፍ ማንን በቦታው እንዳቆመ መጽሐፉ አይነግረንም። መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 2 የሚነግረን፣ ከዚያ በኋላ የእግዚአብሔርን ሥራ የማያውቅ ሌላ ትውልድ መነሣቱን ነው።

በአገራችንም ምሳሌ አለን። በ1983 ዓ.ም. ወደ ብላቴ ወታደራዊ ማሠልጠኛ ከተወሰዱት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መካከል በዚያ ለጸሎት ይሰባሰቡ የነበሩ ወጣቶች፣ በ1984 ዓ.ም. ማኅበረ ቅዱሳን ሲመሠረት ከመሥራቾቹ ሆኑ። እነርሱ ከተመረቁ ብዙ ዘመን አልፏል፤ የግቢ ጉባኤው ግን አልተመረቀም። መሥራቾቹን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ወጣት ዛሬም በየግቢው ቃለ ጉባኤውን ይረከባል።

ስለዚህ ሰብሳቢዎች የሆንን ከጥር ጀምረን ምክትላችንን ከጎናችን እናስቀምጥ። ስብሰባ ይምራ፤ ደብዳቤ ይጻፍ፤ ቢሳሳትም በሰው ፊት ከእጁ አንንጠቀው። ሰኔ ሲደርስ ማኅተሙን፣ የሒሳብ መዝገቡንና የቁም ሳጥኑን ቁልፍ ቆጥረን በፊርማ እናስረክብ። ከዚያም ሄደን ከኋላ እንቀመጥ፤ አዲሱ መሪ የእኛን አሠራር ሲለውጥም እንታገሥ። ይህ ከመምራት ይልቅ ይከብዳል፤ የመሪው ትሕትናም የሚመዘነው እዚህ ላይ ነው። ጌታችን በመጨረሻዋ ሌሊት ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጠበ፤ ሥራውንም ለእነርሱ በአደራ ሰጠ።

የተቀበልነውን አደራ በመልካም ጠብቀን በመልካም እንድናስረክብ እግዚአብሔር ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።