ስለ አንድ ልጅ ዝምታ

በመርሐ ቤቴ አገር ልጅ አፉን ሳይፈታ ሲዘገይ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ማን ምን በድሎ ይሆን?» ብሎ ነው፤ ይህም ጥያቄ አንዳንድ ጊዜ በሐዘኔታ፥ አንዳንድ ጊዜ በሹክሹክታ፥ አንዳንድ ጊዜም ምንም ሳይነገር በዓይን ብቻ ወደ እናቲቱ ደጅ ይመጣል። እኔም ወንድ ልጄን በዓለም ከተማ ሳሳድግ ይህን ጥያቄ ከሰው አፍ ተቀብዬ የራሴ አድርጌው ብዙ ጊዜ ከእርሱ ጋር ስለ ኖርሁ፥ ከልቡናዬ ጋር የተከራከርሁበትን መንገድ ልጽፈው ወድጃለሁ። ኦቲዝም የሚባለው ስም ወደ ጆሮዬ የደረሰው ዘግይቶ ነው፤ ክሱ ግን ከስሙ ቀድሞ ደርሶ ነበር።

ልጄ በዓመቱ «እማ» ይል ነበር፤ ሁለተኛ ዓመቱን ሳይሞላ ያ ቃል ጠፋ። ስሙን ብጠራው አይዞርም፤ በጓሮ በኩል አንድ ቆርኪ ድንጋይ ላይ ሲወድቅ ግን ሰምቶ ይሮጣል፤ ጆሮውም ተመርምሮ ደኅና ሆኖ ተገኝቷል። ቆርኪዎቹን ደጃፍ ላይ በየመልካቸው እየለየ፥ ቀዩን ከቀይ፥ ቢጫውን ከቢጫ ጋር፥ በአንድ ረድፍ ይደረድራል፤ ሰው አልፎ አንዱን በእግሩ ቢያዛንፍበት እስኪመለስለት ድረስ ለቅሶው አያባራም። ውኃ ሲጠማው አይጠይቅም፥ በጣቱም አያመለክትም፤ የእጄን አንጓ ይዞ ይጎትተኝና መዳፌን እንስራው ላይ ያኖረዋል፤ ፊቴን ግን አያይም። በዚያ ጊዜ እጄን እንጂ እኔን የፈለገ አይመስለኝም ነበር፤ ይህም ከማንም ሐሜት ይልቅ ልቤን ያቆስለው ነበር።

ጎረቤቶቼ ዓይን ነው ያሉ አሉ፤ ጥላ ወጊ ነው ያሉ አሉ፤ በአባቱ ወገን ያልተፈታ እርግማን አለ ያሉም አሉ። እኔም ወደ ጸበል ወሰድሁት፤ እስከ ደብረ ሊባኖስም ሄደን ሰነበትን። ስለ ጸበሉ ክፉ ቃል ከአፌ አይወጣም፤ ልጄ በሚወርድ ውኃ ሥር ቆሞ እጆቹን ዘርግቶ እንደዚያ ደስ ሲለው ያየሁት በዚያ ነውና። ጥርጣሬዬ ያረፈው በክሱ ላይ ነበር። እንዲህም ብዬ አሰብሁ፤ የወላጅ ኃጢአት የልጅን ምላስ የሚያስር ቢሆን፥ በሐሰት መስክረው የድኻን መሬት ያስነጠቁ ሰዎች ልጆቻቸው ሁሉ ዲዳ ሆነው በታዩ ነበር፤ የእነርሱ ልጆች ግን እንደ ማንም ልጅ በገበያው ሲጫወቱና ሲጮኹ እንሰማቸዋለን። ደግሞም እግዚአብሔር ጻድቅ ከሆነ የእኔን ዕዳ ከሕፃን አያስከፍልም፤ ያስከፍላል የሚል ሰው እኔን የከሰሰ ይመስለዋል እንጂ የከሰሰው ፈጣሪውን ነው።

ይህን ክርክር ለንስሐ አባቴ ባቀርብላቸው የዮሐንስን ወንጌል ዘጠነኛውን ምዕራፍ አውጥተው፥ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ ይህንኑ የእኛን ጥያቄ እንደ ጠየቁ፥ ጌታም ሰውየውንም ወላጆቹንም ከበደሉ ነጻ እንዳደረጋቸው ተረጎሙልኝ። ያን ቀን ቀለል ብሎኝ ወደ ቤቴ ተመለስሁ። ዳሩ ግን ወንጌሉ ስንት ዘመን ሲነበብና ሲተረጎም ኖሮ ጥያቄው በየደጁ መቅረቱ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

ከዚህ በኋላ፥ የሳይንስ ሊቃውንት ኦቲዝም ስለሚባለው ነገር ምን ይላሉ ብዬ መመርመር ጀመርሁ። ሊዮ ካነር የተባለ የልጆች የአእምሮ ሐኪም በ1943 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፥ በባልቲሞር ከተማ ሆኖ የ11 ልጆችን፥ የ8 ወንዶችንና የ3 ሴቶችን ጠባይ ጽፏል፤ ስለ ዕቃ አደራደራቸው፥ ነገር ሁሉ እንደ ነበረ እንዲቆይ ስለ መፈለጋቸው፥ የሰውን እጅ ከሰውየው እንደ ተለየ ዕቃ አድርገው ስለ መያዛቸው የጻፈውን ባነበብሁ ጊዜ፥ በቤቴ ደጃፍ ቆሞ ልጄን ሲመለከት የዋለ ሰው የጻፈው መሰለኝ። ነገር ግን ይኸው ሐኪም ልጆቹ ከፍጥረታቸው ጀምሮ እንዲህ መሆናቸውን ቢናገርም የወላጆቻቸውን ቀዝቃዛነት ሳያነሣ አላለፈም፤ ከእርሱ በኋላ የመጡትም ያችን ነገር አጥብቀው ያዙ። ብሩኖ ቤተልሃይም የተባለውማ በ1967 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፥ ልጁ ወደ ውስጡ የሚሸሸው ወላጁ ባይኖር ስለ ተመኘበት ነው እስከ ማለት ደረሰ።

መጽሐፌን አጥፌ ብዙ ሰዓት ተቀመጥሁ። በመርሐ ቤቴ ቡናዬን እየጠጡ የነገሩኝን፥ ባሕር ማዶ ያሉት የሊቅ ካባ ደርበው ለሌላዪቱ እናት ነግረዋታል፤ እኛ ዘንድ ርጉም ተባለች፥ እነርሱ ዘንድ በረዶ ተባለች። ይህን ክስ ከጣሉት ሰዎች አንዱ በርናርድ ሪምላንድ ራሱ እንዲህ ያለ ልጅ የነበረው አባት ሲሆን፥ በ1964 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩ ከአካል ተፈጥሮ እንጂ ከእናት ፍቅር ማነስ እንዳልመጣ ተከራከረ። በ1977 እ.ኤ.አ. ሱዛን ፎልስታይንና ማይክል ራተር 21 ጥንድ መንትዮችን መርምረው፥ ከአንድ ፅንስ ተከፍለው በተወለዱት 11 ጥንዶች ዘንድ በ4ቱ ሁለቱም ልጆች ኦቲዝም ሲኖርባቸው፥ ከሁለት ፅንስ በተወለዱት 10 ጥንዶች ዘንድ ግን አንድም እንዲህ ያለ እንዳልተገኘ አሳዩ፤ ስለዚህ በነገሩ ዘር ትልቅ ድርሻ እንዳለው ታወቀ። ካነርም በ1969 እ.ኤ.አ. በተሰበሰቡ ወላጆች ፊት ቆሞ ከበደል ነጻ መሆናቸውን በቃሉ መሰከረላቸው። ይህን የመጨረሻውን ባነበብሁ ጊዜ አለቀስሁ፤ ምስክርነቱ የዘገየባቸውን፥ ልጃቸውን እንደ ገደሉ አድርገው ራሳቸውን ሲቈጥሩ የሞቱትን እናቶች አስቤ ነው። ስለ ክትባትም የሚወራ አለና በአጭሩ ልናገር፤ በ1998 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር አንድ ሐኪም የኩፍኝ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር አያይዞ ጽፎ ነበር፤ ጽሑፉ የማይታመን ሆኖ ስለ ተገኘ ያወጣው መጽሔት በ2010 እ.ኤ.አ. ሰርዞታል። በዚህ ምክንያት ልጇን ከክትባት የምታስቀር እናት እንዳትኖር እለምናለሁ።

ክሱ ሁሉ ከላዬ ሲነሣ ግን ከሥሩ ለማንም ያልተናገርሁት ሌላ ጥርጣሬ ተገኘ። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ በልጅነቴ ከእግራቸው ሥር ተቀምጬ የሰው ነፍስ ለባዊት፥ ነባቢት፥ ሕያዊት መሆኗን፥ ማለት የምታስብ፥ የምትናገር፥ የማትሞት መሆኗን፥ በዚህም ከእንስሳ ነፍስ እንደምትለይ ተምሬአለሁ። እንግዲህ የልጄን ዝምታ እያየሁ፥ ሌሊት ሁሉም ሲተኛ፥ «ነባቢት የተባለችው በልጄ ዘንድ ወዴት አለች? ከሦስቱ አንዱ ጎድሎ ይሆን?» እያልሁ እጨነቅ ነበር። ኋላ ግን መሸከም ሲያቅተኝ ሽማግሌውን አባቴን ጠየቅኋቸው።

«አባባ፥ ነባቢት ነፍስ ካለችው ስለ ምን አይናገርም?» አልኋቸው።

ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፥ «ልጄ፥ ሐና በመቅደስ ስትጸልይ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር እንጂ ድምፅዋ አይሰማም ነበር፤ ካህኑ ዔሊም ሰክራለች ብሎ ፈረደባት። ዘካርያስም አንደበቱ በታሰረ ጊዜ ሰሌዳ ለምኖ የልጁን ስም ጻፈ። ቃል በምላስ ከመነገሩ በፊት በነፍስ ይፀነሳል፤ ያልተወለደውን ሁሉ አልተፀነሰም አትበዪ» አሉኝ።

ትርጓሜው ደስ አሰኘኝ፤ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ አላሳረፈኝም። ሐናም ዘካርያስም አስቀድመው መናገር የሚችሉ ሰዎች ነበሩ፤ ይልቁንም ዘካርያስ ዲዳ የሆነው ባለማመኑ ስለ ሆነ፥ ምሳሌው የሸሸሁትን ክስ በሌላ በር መልሶ ያስገባብኛል ብዬ ሠጋሁ። አባቴን አክብሬ ዝም አልሁ፤ ልቡናዬ ግን ሌላ ምስክር ይፈልግ ነበር።

ምስክሩ ከልጁ ከራሱ መጣ። ልጄ ከበሮና ጸናጽል ሲሰማ ጆሮውን በሁለት እጁ ይደፍናል፤ በቅዳሴ ጊዜ ግን ከግቢው ጽድ ሥር ተቀምጦ ዜማውን ያዳምጣል። በአንድ በዓል ቤታችን እንግዳ ሞልቶ፥ ቡና ተፈልቶ፥ ሁሉም ባንድነት ሲያወራ፥ ከጥግ ተነሥቶ ወደ በሩ እያየ፥ ዲያቆኑ ሕዝቡን ለጸሎት የሚያስነሣበትን ቃል በዚያው ዜማ ሳያጓድል «ተንሥኡ!» አለ። እንግዶቹ ሳቁ፤ አንዲት እናትም «ዲያቆን ያድርግልሽ!» ብለው መረቁኝ። ሌላ ቀን ገበያ መካከል ጩኸቱ ሲበዛበት ክንዴን ይዞ ያንኑ ቃል አለ፤ ደግሞ ሌላ ቀን፥ ልቅሶ ቤት ተቀምጠን ሳለ አለው። በሁሉም ስፍራ ቃሉን የሚለው መሄድ ሲፈልግ ነበር።

ይህን ባስተዋልሁ ጊዜ እንዲህ ብዬ መረመርሁ፤ ልጁ ከጽዱ ሥር ሆኖ ሲመለከት፥ አንድ ሰው ይህችን ቃል ሲል የተቀመጠው ሕዝብ ሁሉ እንደሚነሣ አይቷል፤ እንግዲያስ ሰውን ከመቀመጫው የምታስነሣ ቃል ይህች ናት ብሎ ፈርዷል፤ እኔም ተነሥቼ ይዤው እንድሄድ በፈለገ ጊዜ ፈልጎ አውጥቷታል። ይህ ሁሉ ማየትን፥ ማመዛዘንን፥ ከብዙ ቃል አንዱን መምረጥን ይጠይቃል። ሊቃውንቱም እንዲህ ያለውን የተሰማ ነገር መልሶ መናገርን ብዙ ጊዜ ከንቱ ልፍለፋ አድርገውት ሲኖሩ፥ ባሪ ፕሪዛንትና ጁዲት ዱቻን በ1981 እ.ኤ.አ. ልጆቹ በዚያ እንደሚለምኑበትና እንደሚመልሱበት አሳይተዋል። ስለዚህ የልጄ ነፍስ ነባቢት ናት ብዬ ያለ ጥርጥር አመንሁ፤ ከዚያ ወዲህም እጄን ወደ እንስራው ሲጎትት፥ እጄን ብቻ እንደሚፈልግ አድርጌ አላየውም፤ ብዙ እጅ ካለበት ቤት የእኔን መርጦ ይመጣልና።

ለዚህ እምነቴ ድጋፍ የሆኑኝ ሌላ እናት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። ከአሜሪካ ተመልሰው በአዲስ አበባ የውበት ሙያ ትምህርት ቤት የከፈቱት እኚህ ሴት፥ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ስላጡ በ2002 እ.ኤ.አ. ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ፤ እኛ ልጃችንን ከእንግዳ ስንሸሽግ እርሳቸው በአደባባይ ስለ ልጃቸው ተናገሩ፤ ከገዛ ፊደላችን ተነሥተውም አቡጊዳ ፎነቲክስ የሚባለውን የማስተማሪያ ዘዴ አዘጋጁ። በ2013 ዓ.ም. ዐርፈዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር። እኔም ከእርሳቸው ሥራ ልብ አግኝቼ፥ ከካርቶን ቆርጬ ፊደል ጻፍሁለት። ልጄ ቆርኪውን እንደሚያሰልፍ ሁሉ ከሀ እስከ ሆ በየተራቸው ያለ ስሕተት አሰለፋቸው፤ ዛሬ ውኃ ሲጠማው «ውኃ» የተጻፈበትን ካርቶን አምጥቶ በእጄ ያኖራል።

ዳሩ ግን ጆይም፥ ነህምያ የሚባለው ሌላው ማዕከልም፥ እንዲህ ያሉትም አብዛኞቹ በአዲስ አበባ ናቸው። ከዓለም ከተማ የሚነሣ ሰው ወደ ጀማ ሸለቆ ወርዶ፥ በለሚ ወጥቶ፥ በሙከጡሪ አልፎ ነው ወደዚያ የሚደርሰው፤ ቤቱን ነቅሎ ቢሄድ ደግሞ ከመሬቱ፥ ከዘመዱና ከዕድሩ ይለያል። በዚያ በአዲስ አበባ እንኳ ኦቲዝም ወይም ሌላ የዕድገት እክል ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ 102 ሰዎች ተጠይቀው፥ በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ የተናገሩት ወደ ግማሽ እንደሚጠጉ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ገልጿል፤ በእኛ ደጋ ምን ያህል ይሆኑ? የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገመተው ከመቶ ልጅ አንድ ያህሉ ኦቲዝም ካለበት፥ በመርሐ ቤቴ፥ በመንዝና በግሼ ስንት ልጅ ከጓዳ ተዘግቶበት እንደሚኖር ሳስብ እንቅልፍ ያጣሁበት ሌሊት አለ። ከተማችን ካርል ሃይንዝ ቦም የመሠረቱት የሰዎች ለሰዎች ድርጅት ያሠራው እናት ሆስፒታል አላት፤ ነገር ግን ለኦቲዝም ከመድኃኒት ይልቅ በየቀኑ ከልጁ አጠገብ የሚቀመጥ፥ ነገሩን የተማረ ሰው ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአሳዳጊዎች ያዘጋጀው ሥልጠና በአገራችን ተሞክሯል፤ አሠልጣኙም የግድ ልዩ ሐኪም መሆን የለበትም። እንግዲያስ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፥ አንድ የአንደኛ ደረጃ መምህር፥ አንድ የንስሐ አባት ይህን ቢማሩ የስንት እናት ደጅ በተከፈተ ነበር!

አንድ ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ አልተፈታልኝም። ልጄ እንዲፈወስ ስጸልይ የምለምነው ምንድን ነው? የቆርኪው ሰልፍ፥ በዜማ የሚወጣው «ተንሥኡ»፥ በውኃ ሥር የሚዘረጋው እጅ ሁሉ ቢወሰድለት የሚቀረው ልጅ የእኔ ልጅ ነውን? በሌላ በኩል ደግሞ ራሱን ከግድግዳ ጋር ሲያጋጭ፥ ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ ሲያነጋ፥ የሚያመውን መናገር አቅቶት ሲሠቃይ እያየሁ፥ «እንዳለ ተወው» ብዬ መጸለይ ጭካኔ ይሆንብኛል። ለጊዜው ሥቃዩን አንሥተህ ልጁን ተውልኝ እያልሁ እለምናለሁ፤ ሁለቱ የሚለያዩ መሆናቸውን ግን በእርግጥ አላውቅም።

ከእኔ በኋላ ማን ይይዘዋል የሚለውም አለ። በዕድራችን መዝገብ የቤተሰባችን ስም ሲጻፍ የእርሱ ስም ተዘልሎ ነበርና ሄጄ አስገባሁት፤ ዕድር ግን ለሞተ ሰው ይቆማል፥ በሕይወት ላለው ልጅ ማን እንደሚቆም በመዝገብ አይጻፍም። ታላቅ እኅቱ ይህን ስናገር ሰምታ፥ «እማዬ፥ እኔ አለሁ አይደል?» አለችኝ። ገና ሕፃን ናት፤ አድጋ ወዴት እንደምትሄድ፥ ማንን እንደምታገባ፥ ምን እንደምትወድ የማታውቅ ልጅ የሰጠችኝን ቃል ኪዳን የመቀበል ሥልጣን አለኝን? ባልቀበላት ደግሞ ወንድሟን እንደ ሸክም አየሽው ያልኋት ይመስላታል። እስካሁን አልመለስሁላትም፤ በመስከረም ግን ሁለቱንም ይዤ ወደ ትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር እሄዳለሁ፥ የፊደሉንም ካርቶን ይዘን እንሄዳለን።