ጭላዳና የዕንቍ ዛጎል፤ በደል ለደረሰበት ሰው የተጻፈ ምክር

የተወደድህ አንባቢ ሆይ፤ እግዚአብሔር ከፈጠራቸው እንስሳት ሁለቱን በፊትህ አቆማለሁና ጥቂት ታግሠህ ተመልከታቸው። አንደኛው በደጋ፣ ሁለተኛው በባሕር ይኖራል።

ጭላዳ በሰሜን ተራሮችና በመንዝ ሣር እየነጨ የሚኖር፣ ሌሊት በገደል ላይ የሚያድር ዝንጀሮ ነው። በደረቱም ጠጉር የሌለበት ቀይ ሥፍራ አለው። ወንዱ ባላንጣው በቀረበው ጊዜ የላይ ከንፈሩን ወደ አፍንጫው ገልብጦ ድዱንና ረጅም ጥርሱን ያሳያል። ተፈጥሮው ነውና አንነቅፈውም።

የዕንቍ ዛጎል ግን በቀድሞ ዘመን ጠላቂዎች ከቀይ ባሕር፣ ከዳህላክ ደሴቶች አጠገብ ያወጡት የነበረ፣ በሁለት ቅርፊት መካከል የሚኖር፣ አጥንትም ጥርስም የሌለው ለስላሳ ፍጥረት ነው። ትል ወይም ሌላ ባዕድ ነገር ገብቶ ሥጋውን ሲያቈስለው የሚያወጣበት እጅ የለውም። ነገር ግን የቤቱን ውስጥ ከሚያስጌጥበት ከዚያው ከሚያበራው ነገር እያመነጨ፣ ያቈሰለውን በስሱ ደጋግሞ ይለብጠዋል። ከጊዜ በኋላም ያ ነገር ዕንቍ ይሆናል። እነሆ፣ ሰዎች በብዙ ወርቅ የሚገዙት ጌጥ መነሻው ቍስል ነው።

ወንድሜ ሆይ፤ እኔ ይህን ለመማር ዘግይቻለሁ። አንድ ጎረቤቴ የእርሻዬን ድንበር በገፋብኝ ጊዜ በገበያ መካከል ጥርሴን አሳየሁት። ሁለት ዓመት ከእኛ ጋር ወንጌል ሲሰማ የነበረው ልጁ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ጉባኤያችን አልመጣም። መሬቱ በሽማግሌ ተመለሰልኝ፤ ልጁ ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

በደልን መልበጥ ማለት ግፉን ጽድቅ ነው ማለት አይደለም። በሽማግሌ መጠየቅና በዳኛ ፊት መቆም የተፈቀደ ነው፤ ነገር ግን በጸሎት ያልለበጥኸውን ቍስል ይዘህ ወደ ሸንጎ አትሂድ። ዛጎልም ዕንቍን በአንድ ቀን አይሠራም። ዛሬ ስለ በዳይህ አንድ ጊዜ ጸልይ፤ ነገም ጨምርበት። ጌታችን በከሳሾቹ ፊት ዝም አለ፤ በመስቀልም ላይ ሳለ ስለ ሰቃዮቹ ለመነ፤ ከቍስሉም መዳናችን ወጣ።

ጭላዳ ጥርሱን ቢያሳይ ጭላዳ ነው። አንተ ግን በክርስቶስ ስም ተጠርተሃልና ዛሬ ማታ ሳትተኛ የበደለህን ሰው በስሙ ጠርተህ ጸልይለት። አሜን።