ከተማ ሲቆጠር የሚቀረው ሰው

ከተማን በማዕረግ መለየት በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ አዲስ አበባንና ጎንደርን በአንድ ሠንጠረዥ፣ ሌሎቹን ከተሞች በሌላ ሠንጠረዥ መድቦ ነበር። በዚያን ዘመን ለምክር ቤት የሚመረጠው የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለው ነዋሪ ነበር። ዛሬ መለኪያው ሌላ ነው፤ በ2000 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ፣ ማዘጋጃ ቤት ያልተቋቋመበት ስፍራ ከተማ የሚባለው 2,000 ነዋሪ ሲኖረውና ከሠራተኛው ግማሹ ከእርሻ ውጭ ሲተዳደር ነው። የ1923ቱ ሕገ መንግሥታችን አርአያ የነበረችው ጃፓንም በ1939 ዓ.ም. ባወጣችውና በኋላ ባሻሻለችው ሕግ ለከተማነት 50,000 ሰው ትጠይቃለች፤ ከ500,000 በላይ ሕዝብ ካላቸው መካከል ለመረጠቻቸው ደግሞ የላቀ ሥልጣን ትሰጣለች።

ቁጥር መልካም ዳኛ ነው፤ ዘመድ የለውም፣ እጅ መንሻም አይቀበልም። ነገር ግን የሚያየው ቤቱን በከተማው የሠራውን ብቻ ነው። ቢቸናን በገበያ ቀን ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ከእነማይ ገጠር ጤፉን በአህያ ጭኖ የሚመጣው ገበሬ የከተማዋ እስትንፋስ ነው። በሬውን ሲሸጥ የገበያ ክፍያ ይከፍላል፤ የክረምቱን ጭቃ ያቦካል፤ በዳኛና በሐኪም ደጅ ተራ ሲጠብቅ ይውላል። ማታ ወደ ቀዬው ስለሚመለስ ግን ከተማው ሲቆጠር የለም፤ የከተማው ምክር ቤት ሲመረጥም የለም።

«የራሱ ቀበሌ አለው፤ እዚያ ይምረጥ» የሚል ይኖራል። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም፤ ያለፈ ያገደመው ሁሉ ይምረጥ ከተባለ ከተማ ባለቤት ያጣል። ሆኖም በየሳምንቱ የሚከፍል ሰው አላፊ አግዳሚ አይደለም። ሥልጣን ለከተማ የሚሰጠው እንደ ኒሻን በደረቱ እንዲሰቅለው ሳይሆን፣ ውሳኔው የሚደርስበት ሰው በውሳኔው እንዲሰማ ከሆነ፣ ይህ ገበሬ ባለጉዳይ ነው።

ያልተሰማ ሰው ምን እንደሚያደርግ ጎጃም አይታለች። በ1958 ዓ.ም. አውራጃዎች ራሳቸውን የሚያስተዳድሩበት ትእዛዝ ወጣ፤ ፓርላማው ስላልተቀበለው ግን ሳይሠራበት ቀረ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ የሞጣና የቢቸና ገበሬ መሣሪያ አንሥቶ ተቃወመ። አንዱ ሌላውን ወለደው አልልም፤ የአመፁ ምክንያት ብዙ ነበርና። ነገር ግን ገበሬው ቅሬታውን ይዞ የሚገባበት የራሱ ሸንጎ አልነበረውም።

እኔ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። የቢቸናም ሆነ የሞጣ ምክር ቤት የገበያውን ክፍያ ከመወሰኑ፣ የከብት ተራውን ከማዛወሩ በፊት፣ በገበያ ቀን ወንበሩን አውጥቶ ከገበሬው ጋራ ይቀመጥ፤ ውኃው የት እንዲቀዳ፣ ጥላው የት እንዲተከል በሬ ነጂውን ይጠይቀው።