ዕውቀትና አደራ በእጅ ስልክ ዘመን

በአዲስ አበባ ደቡብ የሚገኘው የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ስሙ ብቻውን ያሳስበናል። አባቶቻችን ያለ ሽቦ በአየር የሚተላለፈውን መልእክት የንፋስ ስልክ ይሉት ነበር። ዛሬ በንፋስ የሚተላለፈው ቃል ብቻ አይደለም፤ ገንዘብም፣ ፎቶግራፍም፣ የሰው ምስጢርም ነው። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከተጀመረ ወዲህ በጉልት ተቀምጣ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት እንኳ ዋጋዋን በእጅ ስልኳ ለመቀበል ችላለች።

እንግዲህ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ወጣቱ መሣሪያውን ከመምህሩ አብልጦ ካወቀ፣ መምህሩ ምን ሊያስተምረው ይችላል?

አንዳንዶች «ምንም» ብለው ወጣቱን ለራሱ ይተዉታል። ሌሎች ደግሞ መሣሪያውን ጨርሶ ይነቅፋሉ፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ስልክ ሲገባም የሰይጣን ሥራ ነው ያሉ እንደ ነበሩ ይነገራል። ሁለቱም ወገኖች የተሳሳቱ ይመስለናል። ይህንንም በምሳሌ እንመልከተው።

ፊደል ያልቆጠሩ አንዲት እናት ልጃቸው ከሩቅ አገር ገንዘብ ይልክላቸዋል። ወደ ጎረቤት ወጣት ሄደው «እስቲ የኔ ልጅ፣ መግባቱን እይልኝ» ብለው ስልኩንም የምስጢር ቁጥሩንም ይሰጡታል። በዚያች ሰዓት ወጣቱ በእጁ የያዘው ስልክ ሳይሆን አደራ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321 መልካም ሕግ ነው፤ ነገር ግን እናቲቱ ስልካቸውን በሚዘረጉበት ደጃፍ ላይ ዘብ ሊቆም አይችልም። እዚያ የሚቆመው የወጣቱ ሕሊና ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ታማኝነት ብቻውን አይበቃም። ታማኙም ወጣት እናቲቱን ዕድሜ ልካቸውን የሰው እጅ ጠባቂ ሊያደርጋቸው ይችላል። መልካም መሪ ወጣቱን «ገንዘባቸውን አትንካ» ብሎ አይተወውም። «ምስጢራቸውን ለሌላ እንዲሰጡ ያስገደዳቸው ምንድን ነው? መሣሪያው ለማን ተሠራ? ማንንስ ረሳ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ወጣቱም በሠፈሩ ተዘዋውሮ፣ ሽማግሌውን፣ ዐይነ ሥውሩን፣ ባለ ጉልቱን ጠይቆ መልሱን ያመጣል። ምናልባትም እናቲቱ ቁጥራቸውን በገዛ እጃቸው እንዲጽፉ ያስተምራቸዋል፤ ወይም በድምፅ የሚሠራ መሣሪያ ለመሥራት ያስባል።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና ፕሮግራም መጻፍንና የሰው ሠራሽ አስተውሎትን መነሻ ለወጣቶች በነፃ ለማስተማር የታቀደ ነው። ይህ እጅን ያሠለጥናል። ዐይንን ማሠልጠን ግን የእኛ የታላላቆች ድርሻ ነው።

ስለዚህ መምህር ወይም ሹም የሆንን ሁሉ ባናውቅ «አላውቅም፣ አሳየኝ» ለማለት ማፈር አይገባንም። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የተባለው ለጠመጠመውም ነው። ወጣቱ አሠራሩን ያሳየን፤ እኛም ጥያቄውን እንስጠው። በዚህ መንገድ ከተረዳዳን እኚያ እናት አንድ ቀን ስልካቸውን ለማንም ሳይሰጡ ገንዘባቸውን ራሳቸው ይቆጥራሉ።