ጉልበት በየትኛው አየር ይለካል?

ወደ ከተማ ወርደው ፕላቶ ዱ ሰርፓንን ያዩ ወገኖቻችን እንደሚያውቁት፣ በኤምባሲዎቹና በቪላዎቹ በር ከሚቆሙት መኪናዎች አንዳንዶቹ ከኋላቸው «ሱፐርቻርጅድ» የሚል ጽሑፍ አለባቸው። እዚያ በጥበቃና በመኪና አጠባ የሚውሉ ጓደኞቻችን ስለዚህ ጽሑፍ የጀመሩት ክርክር ካምፓችን ድረስ ተሻግሮ፣ ሻይ ቤቱን ለሁለት ከፍሎት ሰንብቷል። አንደኛው ወገን «ያ መኪና 510 የፈረስ ጉልበት አለው» ይላል። ሁለተኛው ወገን «የራሱ 375 ነው፤ የቀረው የተጨመረለት ነው» ብሎ ይመልሳል። ቁጥሮቹ የፈጠራ አይደሉም። በፈረንጅ 2009 የወጣው ባለ 5 ሊትር የሬንጅ ሮቨር ሞተር ያለ ሱፐርቻርጀር 375፣ ከነሱፐርቻርጀሩ 510 ተብሎ የተመዘገበ ነው። (ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) እኛ ክርክሩን ወደዚህ ገጽ ያመጣነው ከመኪናው ይልቅ በውስጡ ያለው ጥያቄ ስለሚመለከተን ነው።

ለመሆኑ የፈረስ ጉልበት ስንል ምን ማለታችን ነው? 75 ኪሎ የሚመዝን ነገር በአንድ ሴኮንድ ውስጥ አንድ ሜትር ወደ ላይ ማንሳት ማለት ነው። ውሃ በሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ብናስበው፣ ወደ አራት የሚጠጋ ጀሪካን በአንድ ሴኮንድ ከመሬት እስከ ወገብ ብድግ ማድረግ ነው። ከውሃ ወረፋ የምትመለስ እናት ይህን ሰምታ ብትስቅ አንፈርድባትም። ሞተር ግን ጀሪካን ስለማያነሳ ጉልበቱ የሚታወቀው በመያዝ ነው። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ፕሮኒ በ1821 ያወጣው ዘዴ የሚሽከረከረውን ዘንግ በፍሬን ጨምድዶ፣ ፍሬኑ አብሮ እንዳይዞር ምን ያህል ክብደት እንደሚያስፈልግ መመዘን ነበር። ዛሬ መኪናው እንዳለ በከባድ የብረት ከበሮ ላይ ይወጣና ጎማው ከበሮውን ያዞራል፤ ሐሳቡ ግን ያው የፕሮኒ ሐሳብ ነው። ሥራ ፈቶ በባዶው የሚጮህ ሞተር ጆሮ ያደነቁር እንደሆነ እንጂ ስንት እንደሆነ አይታወቅም። ከሞተሩ የወጣውም ቢሆን ሁሉም ጎማው ላይ አይደርስም፤ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ በመንገድ ላይ ድርሻቸውን ይበላሉ።

አሁን ወደ ተጨመረው ጉልበት እንምጣ። ሱፐርቻርጀር ማለት አየር አጭቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ ነው። አየር በበዛ ቁጥር ብዙ ቤንዚን ማቃጠል ይቻላል። መሣሪያውን የሚያዞረው ግን ራሱ ሞተሩ ነው፤ በቺንጊያ ይጎትተዋል። በ2015 ሞዴል የወጣው የአሜሪካው ዶጅ ሄልካት 707 የፈረስ ጉልበት ሲኖረው፣ ሱፐርቻርጀሩን ለማዞር ብቻ 80 ያህል የሚሆነውን ከራሱ ይከፍላል። እንግዲህ ረዳቱ በነፃ የመጣ አይደለም፤ ቀለቡን የሚሰጠው ተረጂው ነው። በሻይ ቤቱ «የተጨመረለት ነው» የሚሉት ወገኖች ይህን ሂሳብ ረስተውታል።

ከዚህም የበለጠ የረሱት ነገር አለ። 375ቱስ የራሱ ነውን? ሱፐርቻርጀር የሌለው ሞተር አየር የሚያገኘው የከባቢው አየር በገዛ ክብደቱ ገፍቶ ስለሚገባለት ነው። ያ ግፊት ዋጋ ስለማይጠየቅበት ስጦታ መሆኑን ማንም አያስተውልም። የሚታወቀው ሲጎድል ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ስትሆን፣ የአየሩ ግፊት እዚህ ወደቡ ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። እዚህ 100 የፈረስ ጉልበት የነበረው ተራ የቤንዚን ሞተር እዚያ ሲደርስ ወደ 75 ይወርዳል። ሞተሩ አልታመመም፤ ሾፌሩም አላጎደለም። በቺንጊያ የሚዞረው ሱፐርቻርጀርም ከዚህ አያመልጥም፤ የሚዞረው በሞተሩ ፍጥነት ልክ ስለሆነ ከፍታውን አያውቅም፣ ቀጭን አየር ተቀብሎ ያንኑ ያጭቃል። በጭስ ኃይል የሚዞረው ተርቦ ግን አየሩ ሲሳሳ ፈጥኖ በመዞር የጎደለውን ብዙውን ይሞላል።

መሐንዲሶች ይህን አይተው ማረሚያ ቁጥር አበጁ። አሜሪካኖች የትም የተለካውን ሞተር «አየሩ 25 ዲግሪ ሙቀት ቢኖረውና ግፊቱ ለባሕር ወለል የቀረበ ቢሆን ኖሮ ስንት ይሆን ነበር?» ብለው ያሰላሉ። ደጋ ላይ የተለካው 75 በማረሚያው ተባዝቶ 100 ተብሎ ይጻፋል። ይህ ፍርድ ነው፤ ትክክለኛ ፍርድም ነው፤ የአገሩ አየር የነሳውን ለባለቤቱ ይመልስለታል። ነገር ግን ባለተርቦው ምንም ያህል ሳይጎድልበት በዚያው ማረሚያ ቢባዛ፣ ያላጣውን ካሣ ተቀበለ ማለት ነው።

የፕላቶ ዱ ሰርፓን ችግር ደግሞ የተለየ ነው። ግፊቱ ሙሉ ነው፤ ባሕሩ ከሥር ነው። ሙቀቱ ግን በበጋ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። አየር ሲታጨቅ በራሱ ስለሚሞቅ፣ ቀድሞ የጋለ አየር ሲታጨቅ ይብስበታል። ማቀዝቀዣው ካልቻለው የመኪናው ኮምፒዩተር ሞተሩ እንዳይጎዳ ብሎ ጉልበቱን ይቀንሳል። እንዲህ ያለ መኪና በተከታታይ ሦስት ጊዜ ቢለካ ሦስተኛው ከመጀመሪያው ያነሰ ቢሆን አይደንቅም። ሻጭ የሚያሳየው የመጀመሪያውን ወረቀት ነው።

እዚህ ላይ የራሳችን ነገር ይመጣል። በካምፓችን «እኔ በሀገሬ ሳለሁ» ብሎ የማይጀምር ወሬ ስንት ነው? ይህ ማረሚያ ቁጥር ነው። መምህር የነበረ፣ ሱቅ የነበረው፣ ሃያ በሬ የነዳ፣ ዛሬ በራሽን ካርድ ሲለካ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። አየሩ ነው እንጂ እርሱ አልጎደለም፤ ይታረምለት ዘንድ ይገባዋል። ግን አራሚው ማን ይሁን? ተለኪው ራሱ ማረሚያውን ከያዘ ቁጥሩ በየዓመቱ ያድጋል፤ ሃያው በሬ አርባ ሲሆን ሰምተናል።

ከዚህ በተቃራኒ የሚሄድም አለ። በ1999 ፎርድ ሙስታንግ ኮብራ የተባለውን መኪና 320 የፈረስ ጉልበት አለው ብሎ ሸጠ፤ ገዢዎች ከበሮ ላይ አውጥተው ሲያስለኩት ጎደለ። ኩባንያው ሽያጩን አቁሞ፣ የተሸጡትንም ጠርቶ አስተካከለ። ከዚያ ሱፐርቻርጀር የተገጠመለትን የ2003 ኮብራ 390 ብሎ ሲያወጣ፣ ይኸኛው ሲለካ ከተጻፈው በልጦ ተገኘ። ብዙዎች ሁለተኛውን ትሕትና ይሉታል። እኛ ግን የተቃጠለ ሰው ጥንቃቄ እንጂ እውነት አንለውም፤ የሚያነበው ሰው ያገኘው ዞሮ ዞሮ ያልሆነ ቁጥር ነው። በካምፕ ኑሮ ደካማ ሆኖ መታየት አንዳንድ ጊዜ እንጀራ ነው። አናጢው «እጄ አይሠራም» ብሎ ያስመዘግባል፤ የተራበ ሰው ላይ ድንጋይ አንወረውርም። ነገር ግን ያን ቃል በየወሩ ከአባቱ አጠገብ ቆሞ የሚሰማ ልጅ አለ፤ መጋዝ ሲይዝ አባቱን አይቶ የማያውቅ ልጅ።

በእኛ አስተያየት ከሁሉም የተሻለ የጻፉት የድሮዎቹ ጀርመኖች ናቸው። በ1936 የወጣው መርሴዲስ 540ካ ሱፐርቻርጀሩ ሁልጊዜ አይሠራም ነበር፤ የነዳጅ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሲረገጥ ብቻ ይያያዛል። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ ሁለት ቁጥር ሰፍሯል፤ ያለ ረዳቱ 115፣ ከረዳቱ ጋር 180። አንዱ ሌላውን አልሸፈነውም። ከመካከላችን አንድ መምህርም እንዲሁ ይናገራሉ፦ «በሀገሬ በአንድ ክፍል 60 ልጅ አስተምር ነበር፤ እዚህ ከግራሩ ሥር ለ6 ልጆች ፊደል አስቆጥራለሁ።» ከዚህ በላይ አይጨምሩም። ማባዛቱን ለሰሚው ይተዉታል።

አንድ ነገር ግን ይህን አሳባችንን ያስቸግረዋል። አሊ አዴህ ካምፕ ከተከፈተ ከ1991 ወዲህ እዚያው ተወልደው የራሳቸው ልጅ የወለዱ አሉ። ማረሚያ የሚሠራው የሚታረምበት ሌላ አየር ሲኖር ነው። የአባቶቻቸውን ደጋ ሰምተውታል እንጂ አልተነፈሱትም። በዚያ ብናባዛላቸው የሌላ ሰው ቁጥር ይሆናል፤ ሳናባዛ ብንተወው ደግሞ ጠጠሩንና ወረፋውን የእነርሱ ጉድለት አድርገን መጻፋችን ነው። ከግራሩ ሥር የሚቀመጡት 6 ልጆች ስድስቱም የተወለዱት እዚህ ነው።