ከስንቁ በኋላ የሚቀረው



ከጥቂት ዓመታት በፊት በዳምቦያ አካባቢ ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የአንድ ቀን ሥልጠና ሰጥቼ ነበር። ርእሱ «ሥነ ፍጥረትና የሰው ኃላፊነት» የሚል ነበር። ለምሳ ዳቦ በፌስታል፣ ውሃ በሃይላንድ ተገዝቶ ታደለ፤ እንዲገዛ ያዘዝሁትም እኔው ነበርሁ። ውይይቱ መልካም ነበር፤ ሁሉም ደስ ብሎት ተበተነ። በማግስቱ ጠዋት ግን አንዲት ጎረቤት እናት አገኙኝና፣ «አባ፣ ትናንት ከግቢው የወጣው ፌስታል እስከ ጓሮዬ ደርሷል፤ ላሜ እንዳትበላው ስለቅም አረፈድሁ» አሉኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ዛሬ ዝናብ ሳይመጣ አይቀርም እንደሚባል ያህል ነበር የነገሩኝ። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። ስለ ኃላፊነት ቀኑን ሙሉ ያስተማርሁት እኔ፣ የእኔን ምሳ ትርፍ የለቀሙት ግን እርሳቸው ነበሩ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ጥያቄ አብሮኝ ይኖራል። ይኸውም የስንቅ መጠቅለያ የሥነ ምግባር ጉዳይ ነውን? የሚል ነው። ብዙዎቻችን ለኅሊና ምርመራ ስንቀመጥ ስለ ሐሰት፣ ስለ ቂም፣ ስለ ሰው ገንዘብ እንጠይቃለን። የአንዲት ፌስታል ነገር ግን ከኃጢአትም ከጽድቅም ሳትቆጠር በመካከል ወድቃ ትቀራለች።

ነገሩን ለመረዳት በመጀመሪያ ወደ ራሳችን ጓሮ እንመለስ። በከምባታም ሆነ በሐዲያ ምድር ስንቅ መቋጠር የቆየ ልማድ ነው። እንሰቱ ይፋቃል፤ የተፋቀው በኮባ በተሸፈነ ጉድጓድ ውስጥ ይብላላል፤ ቆጮው በኮባ ተጠቅልሎ ይጋገራል፤ መንገደኛው የሚይዘውም በኮባ ነው። ቅቤም ወደ ገበያ የሚወጣው በዚያው ቅጠል ተጠቅልሎ ነው። ምግቡ ከተበላ በኋላ ቅጠሉን ላም ትበላዋለች፤ ካልበላችውም በቦታው ይበሰብሳል። የላሟ እበት ደግሞ ተመልሶ በቤቱ ዙሪያ ለተተከለው እንሰት ማዳበሪያ ይሆናል። እንሰቱ ሰውን ይመግባል፤ ቅጠሉ ላሟን፣ ላሟም መልሳ እንሰቱን ትመግባለች። አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን ሲያደርጉ ስለ አካባቢ ጥበቃ ትምህርት አልወሰዱም። ሆኖም ከእጃቸው የሚወጣው ነገር ሁሉ የሚመለስበት ቦታ ነበረው።

እኔ ግን ይህን አፍርበት እንደ ነበር መሸሸግ አልችልም። በወጣትነቴ እንደ ብዙዎቹ የገጠር ልጆች ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይቼ ስማር፣ እናቴ የሳምንቱን ስንቅ በኮባ ጠቅልላ ትሰጠኝ ነበር። ጓደኞቼ ከሱቅ የተገዛ ብስኩት ሲያወጡ፣ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነበር ጥቅሉን የምፈታው። የሱቁ መጠቅለያ የሥልጣኔ፣ ቅጠሉ ደግሞ የድህነት ምልክት መስሎ ይታየኝ ነበር። ይህ እፍረት ዛሬም ከትምህርት ቤቶቻችን ደጃፍ አልጠፋም። ልጁ ቆጮውን በቅጠል ከሚይዝ ባዶ እጁን መሄድ የሚመርጥበት ጊዜ አለ። እንግዲህ ፌስታል ወደ ቤታችን የገባው ርካሽና ምቹ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም፤ ክብር የሚጨምርልን ስለ መሰለንም ነው።

ፍርዳችን ግን ሚዛናዊ ይሁን። ፌስታል ዛሬ የምናውቀውን ቅርጽ ይዞ ለአንድ የስዊድን ኩባንያ የፈጠራ ባለቤትነት የተሰጠው በ1965 እ.ኤ.አ. ነው፤ ስለዚህ ከብዙዎቹ አያቶቻችን በዕድሜ ያንሳል። ቀላል ነው፤ ውሃ አያስገባም፤ ወጥ አያፈስም። ንጋት ሳይቀድ ተነሥታ ውሃ የምትቀዳ፣ ልጆችን የምታሰናዳ፣ ከዚያም ወደ ሥራ የምትሮጥ እናት ብትጠቀምበት ማን ይፈርድባታል? ጉድለቱ የሚታየው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ነው። መሬት አይቀበለውም። ላም ከበላችው በጨጓራዋ ውስጥ ተከማችቶ እስከ ሞት ያደርሳታል። ጎርፍ ቢወስደው ቦይ ይደፍናል። በጓሮ ቢቃጠል ጢሱን የሚስቡት በመጀመሪያ የራሳችን ሕፃናት ናቸው።

«ጣልሁት» ስንል «ጠፋ» ማለታችን ነው፤ ነገር ግን ምንም የጠፋ ነገር የለም። ከእኛ ዓይን ርቆ ሌላ ሰው ደጃፍ ደረሰ እንጂ። በአዲስ አበባ ቆሼ በሚባለው ስፍራ ከተማይቱ ከ50 ዓመታት በላይ የጣለችው ሁሉ ተከምሮ ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ በሥሩ ይኖሩ ከነበሩት ወገኖቻችን ከ110 የሚበልጡትን ሕይወት ቀጠፈ። ያንን ተራራ «እኔ ከመርሁት» የሚል አንድም ሰው አይገኝም። በአንድ ቀን፣ በአንድ እጅ አልተከመረምና።

የሥነ ምግባሩ ጥያቄ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላል የአገራችን ሰው። ስለ ሥራ ሲነገር እውነት ነው፤ ሸክም ለብዙዎች ሲከፋፈል ይቀላል። እኛ ግን ይህንኑ ተረት ሳናስተውል ወደ በደል አዙረነዋል። ሺህ ሰው የጣለው ፌስታል አንዲት ላም ቢገድል፣ የእኔ ድርሻ ከሺህ አንድ ነውና ከምንም አይቆጠርም እንላለን። ላሟ ግን በሺህ ተከፋፍላ አልሞተችም፤ አንዲቱ ላም ሙሉ በሙሉ ሞተች፤ በወተቷ የሚያድጉትም ልጆች ሙሉ በሙሉ ተራቡ። በደል ለብዙዎች ሲከፋፈል መጠኑ አይቀንስም፤ የሚቀንሰው የበዳዩ እፍረት ብቻ ነው። ስለሆነም ትንሽነቱ ነጻ አያወጣንም።

አገራችን ስለዚህ ነገር ሕግ አውጥታለች። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ፣ የማይበሰብሱ ፌስታሎችን ከልክሎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዲስ አዋጅ ደግሞ ከዚያ አልፎ ፌስታልን በጠቅላላው አግዷል። ሩዋንዳ በ2008፣ ኬንያም በ2017 እ.ኤ.አ. ይህን መንገድ ቀድመውናል። ሕጉ መልካም ነው። ሆኖም ሕግ ፌስታልን ከሱቅ ሊያስወጣ ይችላል እንጂ፣ ልጁ ከእናቱ ኮባ እንዳያፍር ሊያደርግ አይችልም። ይህ የወላጆችና የመምህራን ድርሻ ነው።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ላይ ስንቅ ስለ ያዘ አንድ ብላቴና እናነባለን። አምስት የገብስ እንጀራና ሁለት ዓሣ ነበረው፤ ገብስ ደግሞ የድኆች እንጀራ ነበር። ጌታችን ያንን ስንቅ አልናቀውም፤ አምስት ሺህ ያህል ሰው መገበበት። ሁሉም ከጠገቡ በኋላ ግን ቁርስራሹ እንዳይባክን እንዲሰበሰብ አዘዘ፤ ዐሥራ ሁለት መሶብም ሞላ። እንጀራን ማብዛት የሚችል ጌታ ለቁርስራሽ ምን ያስጨንቀዋል? ሆኖም አለማባከን ያጣ ሰው ብልሃት ብቻ አለመሆኑን፣ የጠገበም ሰው ግዴታ መሆኑን በዚህ አስተማረን። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም በ2015 እ.ኤ.አ. ላውዳቶ ሲ በተባለው መልእክታቸው፣ ፕላስቲክን መቀነስንና የሚበላውን ያህል ብቻ ማብሰልን የመሳሰሉ የዕለት ተዕለት ጥቃቅን ተግባራት የፍቅር ሥራ መሆናቸውን አስገንዝበዋል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ስንቅ ስንቋጥር ስለ እያንዳንዱ ነገር «ይህ ወዴት ይመለሳል?» ብለን እንጠይቅ። ኮባ ወደ መሬት ይመለሳል፤ በእሳት ላይ ለአፍታ ቢያልፍ ይለሰልሳል፣ አይሰነጠቅም። ቆሎ የሚቋጠርበት ጨርቅ ታጥቦ ወደ ቤት ይመለሳል። የተቀቀለ ድንችና የበቆሎ እሸት፣ ሙዝም፣ እግዚአብሔር በልጣጫቸው ጠቅልሎ የሰጠን ስንቆች ናቸው። ወጥ ለሚይዝ ሠራተኛ ክዳን ያለው ምሳ ዕቃ ይበቃል። በሕንድ አገር በሙምባይ ከተማ ከ1890 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሠራተኞችን ምሳ ከየቤታቸው ወደ ሥራ ቦታ የሚያደርሱ ሰዎች አሉ፤ ምግቡ በብረት ምሳ ዕቃ ይሄዳል፣ ባዶው ዕቃም በዕለቱ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። የቤት ዕቃ ነውና ማንም አይጥለውም። ይህ ሁሉ ሥራ ግን በእናቶች ትከሻ ላይ ብቻ አይጫን። ኮባ መቁረጥም ሆነ ምሳ ዕቃ ማጠብ ለአባትና ለልጆች አያቅትም።

በተለይ ለእናንተ ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን አንድ አደራ አለኝ። የልጆችን ስንቅ እየፈተሻችሁ ፌስታል የያዘውን በጓደኞቹ ፊት አትገሥጹ። ከመካከላቸው ምንም ስንቅ ያልያዘ ሊኖር ይችላልና። ለእርሱ የሚቀድመው ጥያቄ ምሳው በምን ተጠቀለለ ሳይሆን ማን ያካፍለዋል የሚለው ነው። ምንም ሳያባክን፣ ለጎረቤቱም ሳያካፍል የሚበላ ሰው ንጹሕ ግቢ ይኖረው ይሆናል፤ ንጹሕ ኅሊና ግን የለውም። ከመገሠጽ ይልቅ እናንተው የራሳችሁን ምሳ በኮባ ይዛችሁ በልጆቹ መካከል ተቀምጣችሁ ብሉ። መምህሩ ያላፈረበትን ተማሪው አያፍርበትም።

ከላይ የጠቀስሁትን ሥልጠና በሚቀጥለው ዓመት ደግመን ሰጥተናል። እያንዳንዱ ተሳታፊ ስንቁን ከቤቱ ይዞ መጣ፤ ውሃውን ከእንስራ ቀዳን። ማታ ላይ በግቢው የቀረው የኮባ ክምር ብቻ ነበር። እኔው ተሸክሜ ወደ እኒያ እናት ደጅ ወሰድሁትና ላማቸው ፊት አኖርሁት። እርሳቸውም ሳቅ ብለው፣ «ዛሬስ ለእርሷም ስንቅ አመጡላት» አሉኝ።