ሁለት ጥቁር ኳስ

ካቻምና በአንድ ቅዳሜ፣ የማዳሜ ወንድም በተከራየው ትልቅ የሞተር ጀልባ ከዱባይ ተነስተን ወደ አጅማን አቅጣጫ ሄድን። እነሱ ለመዝናናት፣ እኔ ሁለቱን ልጆች ለመያዝ። ያኽት የሚሉትን ነገር ዱባይ ማሪና ቆማችሁ አይታችሁታል፤ ፎቅ በፎቅ ላይ፣ ውስጡ ሳሎን፣ ኤሲው እንደ ቪላ የሚያቀዘቅዝ። ሻርጃን እንዳለፍን ኤሲው ዝም አለ። መጀመሪያ የሰማሁት እሱን ነው። ቀጥሎ ሞተሩ፣ ቀጥሎ የእመቤቶቹ ሳቅ።

የጀልባው ሠራተኛ የኬረላ ልጅ ነበር። በኋላ በዚያችው በምንግባባባት የቤት ዓረብኛ አስረዳኝ። ነዳጁ ውስጥ ውሃና ቆሻሻ ገብቶ ማጣሪያውን ደፍኖታል። ሁለት ሞተር አይደል ያለው፣ አንዱ ቢቆም በሌላው አይሄድም ወይ አልኩት። ሁለቱም፣ መብራት የሚሰጠው ጄኔሬተርም፣ የሚጠጡት ያንኑ ነዳጅ ነው አለኝ። ሞተር ከሌለ ደግሞ መሪውን ብታዞሪው ጀልባው አይታዘዝም። አካሉ ከውሃ በላይ ረጅም ስለሆነ ነፋስ እንደ ሸራ ይገፋዋል። ሸማል የሚሉት ነፋስ ደግሞ ከባሕር ወደ እኛ ዳርቻ ነው የሚነፍሰው።

ካፒቴኑ ታዲያ አንድ ነገር አደረገ። ሁለት ጥቁር ኳስ የሚመስል ነገር አውጥቶ አንዱን ከሌላው በላይ ሰቀለ። ትንሿ ልጅ ፊኛ መስሏት አጨበጨበች። ለካ ምልክት ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣ ዓለም አቀፍ የመርከቦች ደንብ አለ፤ መሪዋ አልታዘዝ ያላት መርከብ በቀን ሁለት ጥቁር ኳስ፣ በሌሊት ሁለት ቀይ መብራት ማሳየት አለባት። ትርጉሙ «ራሴን መምራት አልቻልኩም» ነው። ያን ያየ ሞተር ያለው መርከብ ሁሉ መንገድ ይለቅላታል። መሬት ላይ ከተቀመጠች ደግሞ ኳሱ ሦስት ይሆናል። እኛም መልህቁ አሸዋውን እየጎተተ አልይዝ ብሎ፣ መጨረሻ ላይ አሸዋ ላይ ወጣን። ጀልባው ወደ ጎን አዘመመ። ዋና የማልችል ሰው ሁለት ልጅ አቅፌ ምን እንደተሰማኝ ልተወው። ማታ ውሃው ሲሞላ ሌላ ጀልባ ጎትቶ አወጣን፤ ማንም አልተጎዳም።

እኔን እስከ ዛሬ ያልለቀቀኝ ግን ኳሱ ነው። ደንቡ እኮ «ለምን ቆምሽ?» ብሎ አይጠይቅም። ጥፋቱ የባለቤቱ ይሁን የነዳጅ ሻጩ በኋላ ይጣራል። አሁን የሚያዝዘው መቆምሽን እንድታሳዪ ነው።

እኔ አላሳየሁም። በመጀመሪያው ቤቴ፣ ሻርጃ፣ አምስት ወር ደሞዝ አልተከፈለኝም። እማዬ ስትደውል «ባንክ እያጠራቀምኩት ነው፣ አንድ ላይ እልከዋለሁ» እላታለሁ። ውሸቴ ለክፋት አልነበረም። ግፊት አለባት። ብነግራት ምን ታደርግልኛለች? ማልቀስ ብቻ። ይህን ምክንያት ከእናንተ መካከል የማታውቀው ያለች አይመስለኝም። ለእናት ጭንቀትን መሸከም ፍቅር ነው ብለን ነው የኖርነው፤ እኔም ሙሉ በሙሉ ስህተት ነው አልልም።

ነገር ግን መርከብ በጨለማ የሚሄደው ሌላውን እያየ ነው። እኔ «እየሄድኩ ነው» ስል እማዬ በኔ ተማምና እቁብ ገባች። ታናሽ እህቴ «እሷ ከተሳካላት» ብላ በዚያው ደላላ በኩል ተነሳች። ጭንቀቱን የተሸከምኩ የመሰለኝ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ መብራቴን አጥፍቼ መንገዳቸው ላይ ቆሜ እንደነበር የገባኝ ከዚያ ጀልባ ላይ ነው።

አንዲት ጓደኛዬ ይህን ስነግራት ተቆጣችኝ። «ኳሱን የሚያይ ሁሉ መንገድ ይለቃል? አንዳንዱ አይቶ ነው የሚመጣብሽ» አለች። እውነቷን ነው። መውደቅሽን ያወቀ ደላላ ይደውላል፤ የሠፈር ወሬኛም፣ «እረዳሻለሁ» የሚል ወንድም አይጠፋም። ለሁሉ መናገር መናገር አይደለም። ደሞም የተናገረ ሁሉ ይሰማል ማለት አይደለም። ከአጅማን ቀጥሎ ባለችው ኡም አል ቁወይን የሆነውን ተመልከቱ። ኢባ የምትባል ነዳጅ ጫኝ መርከብ ባለቤቷ ገንዘብ አጥቶ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ባሕር ላይ ቆማ ነበር። ሠራተኞቹ ደሞዛቸው ሳይከፈል ዓመታት ተቀመጡ፤ መጨረሻ ላይ አምስት ሰው ቀሩ። ለምን አልወረዱም? ከወረዱ የሠሩበት ገንዘብ እንደሚቀር ፈርተው ነው። ያ ፍርሃት ለኛ ትርጉም አያስፈልገውም። በጥር 2021 ማዕበል መልህቋን በጥሶ ሰው የሚዝናናበት ዳርቻ ላይ ጣላት። ከዚያ በኋላ ነው ገዢ የተገኘው፣ እነሱም ከሚገባቸው ባነሰ ገንዘብ ተስማምተው ወደ አገራቸው የሄዱት። ሲናገሩ የኖሩትን ነገር ዓለም ያየው መርከቧ አሸዋ ላይ ስትወጣ ነው።

ስለዚህ ግዴታው የቆመችው ብቻ አይደለም። ደንቡ ሁለት ወገን አለው፤ አንዷ ታሳያለች፣ ሌላው ይለቃል። እኛ ግን ብዙ ጊዜ እህታችን ደሞዝ አልተሰጠኝም ስትል «ታገሺ፣ ሁላችንም እንዲህ ነው የጀመርነው» እንላለን። እኔም ብያለሁ። በዓለም አቀፉ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት ግን ባለቤቱ ሁለት ወር ደሞዝ ካልከፈለ ሠራተኛው እንደ ተጣለ ይቆጠራል። ሁለት ወር! እኔ አምስት ቆጥሬ ገና «ይሰጡኛል» እል ነበር። ከፊሉን ተቀብዬ ነው የወጣሁት።

እህቴ አሁን አጅማን ናት፤ ቤቷ ደህና ነው። አንዳንድ እሁድ አል ማምዘር እንገናኛለን፣ ሻይ በፔርሙስ ይዘን። ባለፈው ሁሉንም ነገርኳት፤ አምስቱን ወር፣ ባንኩን፣ ውሸቱን። ዝም ብላ ውሃውን አየች።

«ያኔ ብነግርሽ ትቀሪ ነበር?» አልኳት።

«አልቀርም ነበር» አለች። «የእማዬን ላም ግን አላሸጣትም ነበር።»